ከ‹በፊት› በፊት

‹በፊት› የሚባል ነገር ካልነበረ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ማለት ነው እንዴ? ትላለች በሆዷ። ጠዋቱ በመጋረጃው ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቷ ላይ ተጋድሟል፤ እሷ ግን ማታ ከሥራ ገብታ ጎኗን ካሳረፈች ጀምሮ ዐይኗ አልተከደነም። በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ልጇ ትመጣባታለች፣ በግራ ስትዞር ወንድሟ ይመጣባታል፣ በጀርባዋ ስትንጋለል ደግሞ ዓለም ራሱ፣ ከነኮከቡ ከነጨለማው፣ መጥቶ ደረቷ ላይ ይቀመጣል። ሳቅም ይመጣባታል። ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በፍቅር ነው፣ በጥርስ ሕመም ነው፣ በክፉ ወሬ ነው፤ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት፣ ወገቧ ሊቀነጠስ ደርሶ፣ ጊዜ ከየት ተነሣ ብላ እንቅልፍ ስታጣ ማን አይቶ ያውቃል? ‹ምነው ዐይንሽ ቀላ?› ቢሏት ‹የዓለም አጀማመር አልዋጥልኝ ብሎ ነው› ልትል ነው? ትስቃለች፤ ብቻዋን፣ ትራሷ ውስጥ ተደፍታ፣ የጎረቤቱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ በቀስታ። ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ስም ልታወጣለት ትፈራለች እንጂ ኩራት ነው። ከትናንት ጀምሮ እንደ ትኩስ ዳቦ ብብቷ ሥር ይዛው የምትዞረው፣ ሰው እንዳያይባት የምትሸሽገው፣ ቢያይባት ደግሞ የማትጠላው ኩራት።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት እትዬ ስትደውል ነው። እትዬ የታላቅ ወንድሟ ሚስት ናት፤ ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ጋሼ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ልጇን ገና ከአራት ዓመቷ ተቀብሎ ያሳደጋትም እሱ ነው። እትዬ የደወለችው ከጓሮ ነበር፣ በሹክሹክታ፣ ከጀርባዋ የተሰጣ ልብስ ነፋሱ ሲያማታው ይሰማል። «ጉድ ፈላ» አለቻት። «ልጅሽ ዳኛውን አዋረደቻቸው ብሎ ቤቱን ቀውጢ አድርጎታል።» ዳኛው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ የጋሼ ጎረቤት፣ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ጋሼ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያያቸው ኮፍያውን የሚያወልቅላቸው። ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ምሳ ጋብዟቸው፣ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጨዋታው ሲደራ ዳኛው ወደ ልጅቷ ዞረው ‹ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ምን ልትማሪ አሰብሽ?› ይሏታል። ‹ፊዚክስ› ትላለች። ‹ፊዚክስ ምኑን ነው የሚያስተምረው?› ሲሏት ሌላ ልጅ ቢሆን ስለ ኤሌክትሪክ አውርቶ ይገላገል ነበር፤ እሷ ግን ሳህን እያነሣች፣ እንደ ዋዛ፣ ዓለም በሙሉ መጀመሪያ ላይ እፍኝ የማትሞላ ነገር ውስጥ ታጭቆ እንደነበር፣ ኋላ ተዘርግቶ ተዘርግቶ ይኸው እንዲህ እንደሆነ ነገረቻቸው። ዳኛው ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ የኖሩ ናቸውና ‹ከዚያ በፊትስ ምን ነበረ ልጄ?› አሉ። እሷም ‹ጥያቄው አያስኬድም አባቴ። ‹በፊት› ራሱ የተጀመረው ያኔ ነው› አለቻቸው። እትዬ እዚህ ላይ ስትደርስ ሹክሹክታዋ ተሰበረ፤ ማልቀሷ ነው መሳቋ አልታወቀም። ጋሼ እንግዶቹን ሸኝቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ‹ፋርማሲ ነው የምትማሪው! አለቀ! ነገ ከመዘጋቱ በፊት እኔው ራሴ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ትመርጫለሽ!› ብሎ ጮኸ። የትምህርት ምርጫው በኮምፒውተር ነው፤ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ያ ‹ነገ› ያለው ዛሬ ሆኖ አሁን ጉልበቷ ላይ ተጋድሟል።

ጥያቄው አያስኬድም። ትናንት አንሶላውን ወደ ካውያ ማሽኑ እየላከች ይህንን ቃል በአፏ ስታመላልሰው ነበር። ጥያቄው አያስኬድም! እሷ በዕድሜዋ ለማን እንዲህ ብላ ታውቃለች? ለቤት አከራይ? ለአለቃ? ‹የት ነበርሽ፣ እስከ መቼ ትቆያለሽ፣ ለምን መጣሽ› እያሉ ከመኖሪያ ፈቃድ መስኮት በስተጀርባ ለሚጠይቋት ሰዎች? ሁሉም ጥያቄ አስኬዷታል፤ እየሄደች እየሄደች ነው እዚህ የደረሰችው። ልጇ ግን በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ሳህን በእጇ ይዛ፣ ለዳኛ! ኩራቱ ይነሣባታል። ወዲያው ደግሞ ሌላው ይከተለዋል፣ ሁልጊዜ የሚከተለው፤ ኩራቱ የማን ነው? ብሎ የሚጠይቀው። አንቺ ምን አደረግሽና? ልትኮሪ ማን ፈቀደልሽ? ልጅቷ ፊደል የቆጠረችው እትዬ ጭን ላይ ነው። ቶንሲሏ ሲያብጥ አዝሎ የሮጠው ጋሼ ነው። ሌሊት እየነቃች ‹ለምን ይጨልማል? ለምን እኔ አንተን አልሆንኩም?› ስትል ሳይቆጣ የመለሰላት፣ ኋላም መልስ ሲያልቅበት ‹ለምንዬ› ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። እሷማ ከአገር የወጣች ዕለት የአውቶቡሱን እጀታ ይዛ፣ አንድ እግሯ መሬት አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣ ‹ቶሎ እመጣለሁ› ነው ያለቻት። ልጅቷም የእትዬን ቀሚስ ጨብጣ፣ ሳታለቅስ፣ ‹ቶሎ ስንት ነው?› አለቻት።

ቶሎ ስንት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ልትመልሰው ያልቻለችው ጥያቄ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ ‹ግቢ እንጂ እህቴ!› ይላል፣ እሷ ጣቶቿን ዘርግታ ልታሳያት ትሞክራለች፣ ስንቱን ጣት እንደምትዘረጋ ግን አታውቅም፤ አንዱን ትዘረጋለች፣ ሁለተኛውን ጨምራ ታጥፈዋለች፣ በሩ ይዘጋል። አንዳንዴ እዚህ አልጋ ላይ ሆና ጊዜ ለሷ የተጀመረው ያን ዕለት ይመስላታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ተቆጥሯል፤ በፈረቃ፣ በፈቃድ፣ በስልክ ደቂቃ። ከዚያ ማዶ ያለው ግን፣ የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ ተለይቷቸው፣ እናትና ልጅ ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኙበት ያ ዘመን፣ ቁጥር የለውም፤ ዝም ብሎ አለ፣ እንዳለ፣ ታጭቆ፣ እፍኝ በማትሞላ ነገር ውስጥ። ደግሞ ራሷን ትቆጣለች። ኤዲያ! የሰውን ልጅ ሁሉ ጊዜ ካንቺ አውቶቡስ ላይ ልታስጀምሪው ነው? ትንሽ አላበዛሽውም?

ጉልበቷን ከብርሃኑ አሸሸች። የመኝታ ቤቱ ማሞቂያ በራሱ ፈቃድ ይነሣል፣ በራሱ ፈቃድ ይጠፋል፤ ማን እንደሚያዘው ጠይቃ አልደረሰችበትም። አንድ ጊዜ ስለ እንቅልፏ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ሐኪሟ ፊቷን ሳታነሣ ‹እንቅልፍ ማጣትሽን ከአንድ እስከ አሥር ብትሰጪው ስንት ትሰጪዋለሽ?› አለቻት። አሥሩ የቱ ነው፣ ጨርሶ ያልተኛ ነው ወይስ ጨርሶ ያልነቃ? ብትላት ሐኪሟም ቆም ብላ አሰበችበት። ሁለቱም አልገባቸውም። ክኒኑን ግን ሰጠቻት። ክኒኑ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ የማትውጠው ልጇ ብትደውል እንዳይሰማት ፈርታ ነው፤ ልጇ ደግሞ ደውላ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ናት፣ ሁልጊዜ የሚያነሣው ጋሼ ነው። ‹አለች፣ ደህና ናት፣ እያጠናች ነው፤ እዚህ ትምህርት ቤት ልናዛውራት ነው፣ ምን ትያለሽ?› ‹አንተ እንዳልክ ጋሼ።› ‹ጸጉሯን ልትቆረጥ ነው የምትለው፣ እኔ እምቢ ብያለሁ።› ‹አንተ እንዳልክ ጋሼ።› ሌላ ምን ትበል? በሌለችበት ቤት ድምፅዋን ከፍ ለማድረግ በምን አንደበቷ? እሱ ሲያሳድግ እሷ ስታመሰግን፣ ምስጋናው ጉሮሮዋ ላይ ደርቆ ሌላ ቃል ማሳለፍ እስኪያቅተው።

አንድ ጊዜ ግን ልጅቷ ስልኩን ነጥቃ አውርታታለች፤ አሥራ ሦስት ወይ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ድምፅዋ ከደስታው ብዛት ይሰናከላል። «እማ፣ ታውቂያለሽ? ጊዜ በሁሉም ቦታ እኩል አይሄድም! አንዱ ጋ ይፈጥናል፣ አንዱ ጋ ይዘገያል፣ በሰዓት ለክተው አረጋግጠውታል!» እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከፈረቃ ወጥታ፣ በቁሟ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፤ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፣ እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ጓደኛ ነበር የሳቀችው። እሷ ግን ለቀልድ አልነበረም ያለችው።

ተነሥታ ውሃ ጣደች። የሥራ ልብሷ ወንበሩ ላይ ሰው መስሎ ተቀምጧል። ትናንት ከእትዬ ስልክ በኋላ ይህንኑ ነገር ከባለመነጽሯ ጋር አውርተውት ነበር፣ እንዲሁ ለጨዋታ። ባለመነጽሯ የሥራ ባልደረባዋ ናት፣ ከሌላ አገር የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት፤ አንሶላውን አንዷ ከወዲህ ሌላዋ ከወዲያ ጫፍ ይዘው፣ ወጥረው፣ አራግፈው፣ ለማሽኑ ያጎርሱታል፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ማውራት ግድ ነው፤ የሚያወሩትም ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ቋንቋ ነው፣ ቃል ሲያጥራቸው በቅንድብ እየሞሉ። «ልጄ ዓለም መጀመሪያ አለው ትላለች» አለቻት። ባለመነጽሯ ከንፈሯን ጣለች። «የለውም። ይሄ አንሶላ መጀመሪያ አለው? ሁልጊዜ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ይሄዳል። እኔ እዚህ ስገባ ክምሩ እዚሁ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ነው ያለችው።» «አንድ ሰው ግን የመጀመሪያዋን አንሶላ አቆሽሿል» አለች እሷ። ባለመነጽሯ አሰበች፤ አንሶላው በመካከላቸው ረገበ፤ ከዚያ መነጽሯ በእንፋሎቱ እስኪደፈን ድረስ ሳቀች፤ «ያን ሰው ባገኘው!» አለች። ማሽኑ ባዶውን አጉረመረመ፣ አለቃው ከወዲያ ጮኸባቸው። እሷም ሳቀች፣ ግን ለቀሪው ቀን ሐሳቡ አልለቀቃትም። የመጀመሪያው ነገር ከምን በኋላ መጣ? ከምንም በኋላ ካልሆነ እንዴት መጣ ይባላል? መምጣት ከየት ሆኖ ነው? ይሄኔ ልጄ መልሱን ታውቀው ይሆናል ብላ ነበር ትናንት፣ እንዲሁ፣ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ።

ውሃው ፈላ፤ ሳታፈስሰው አጠፋችው። እዚያ አገር ቤት አሁን የምሳ ሰዓት ነው፤ ጋሼ ሱቁን ዘግቶ ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ከዚያ እንዳለው ልጅቷ አጠገብ ይቀመጣል። ከደወለች አሁን ነው። ግን ምን ብላ? ‹አንተ እንዳልክ› የማይለው ዓረፍተ ነገር እንዴት ይጀመራል? ጀምራው አታውቅም። ደግሞስ እሱ ጠላቷ ነው? ፋርማሲውን ያሰበው ለክፋት ነው? ወዳጁ ትልቅ መድኃኒት ቤት አለው፣ ልጅቷ ስትመረቅ እዚያ ትቀጠራለች፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ከሱቁ ሁለት መንገድ ብቻ ርቃ፤ ምሳዋን እቤት ትበላለች። ጋሼ ልጅቷ እንድትርቅበት አይፈልግም፤ እሱ ብቻ ነው ነገሩ። አንድ ጊዜ ሰው የራቀበት ሰው ነው። ይህንን ስታስበው እጇ ከስልኩ ላይ ይነሣል። ቆይታ ይመለሳል። ሂጂ አንቺ ልጅ፣ ትላለች ራሷን፣ ዓለም እንኳ ከምንም ተነሥቶ ተጀምሯል ይባላል፣ አንድ ስልክ መጀመር ያቅትሽ?

«ሃሎ?» አለ ጋሼ፣ አፉ ውስጥ ጉርሻ አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ውይ! ደህና ነሽ? ምነው በደኅና ነው? ሥራ አልገባሽም?»

«ደህና ነኝ። ስለ ልጅቷ ነው የደወልኩት።»

«ነገረችሽ አይደል? ይቺ ሴትዮ አፏ አያርፍም!» ከጀርባው የእትዬ ሳል ተሰማ። «በይ ካወቅሽ ጥሩ። እኔ እንዲህ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም። ያንን የሚያህሉ ሰው፣ ፊት ለፊታቸው፣ ጥያቄዎ አያስኬድም! ዳኛውን!»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ሳቁ።»

«ከሳቁማ…»

«ሳቃቸው ነው ያናደደኝ! ‹ይቺን ልጅ እንዳታበላሻት› አሉኝ ሲወጡ። አበላሸሃት ማለታቸው ነው፤ አይገባኝም መሰላቸው!»

ስልኩን ከአፏ አራቀች፤ ሳቋ እንዳያመልጣት። «ጋሼ፣ እንዳታበላሻት ማለት እኮ… ተወው። ዛሬ ነው አይደል ምርጫው የሚዘጋው?»

«ዛሬ ነው። ፋርማሲ ብለን እንጨርሳለን። ምን ትያለሽ?»

ይኸው መጣ። ምን ትያለሽ። ዛሬም እንደ ወትሮው፣ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ጉርሻው ሊመለስ ነው፤ መልሱ ለዓመታት አንድ ነውና። አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ‹አንተ› ብሎ ተነሥቶ ነበር።

«እኔ ፊዚክስ ትማር ነው የምለው።»

ሳህን ላይ የተቀመጠ ነገር ድምፅ ተሰማ። «ምን አልሽ?»

«ፊዚክስ ትማር።»

«ለመሆኑ ፊዚክስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም! ታዲያ በማናውቀው ነገር ልጃችንን እንጣላት?»

«ከቤታችን አንድ የሚያውቅ ሰው ይኑራ ጋሼ።»

«የት ትቀጠራለች? እስቲ ንገሪኝ! ዓለም ሲጀመር ምን ይመስል ነበር ብሎ ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የት ነው ያለው? ደግሞ ፈጣሪን መካድ ነው እኮ።»

«ምኑ ላይ ነው የካደችው? መጀመሪያ አለው ነው ያለችው። አንተስ መጀመሪያ አለው አይደል የምትለው? ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተጣላችሁት?»

ጋሼ ትንሽ አሰበ። «አነጋገሯ ላይ» አለ።

«አነጋገሯማ ያንተ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ለምን ስትልህ መልሰህ መልሰህ፣ ያሮጌ መኪና ሞተር ፈታተህ አሳይተህ፣ አሁን ዞር ብለህ ለምን ትጠይቃለች ትላለህ? እኔ አላሳደግኳትም። አውቃለሁ። አንድም ቀን አልረሳሁትም። ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት አንተ እንዳልክ ስል የኖርኩት፤ ጸጉሯን ስትል፣ ትምህርት ቤቷን ስትል። ዛሬ ግን አልልህም። ዛሬ እምቢ ነው የምልህ ጋሼ። ተቆጣኝ ከፈለግህ። ይቺ ልጅ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰው ፊት ቆማ ያሰበችውን ተናገረች፤ እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ ያልቻልኩትን። እዚያ ላይ እጅህን አትጫንባት።»

ወንበሩ ላይ፣ በሥራ ልብሷ ላይ ተቀመጠች። ከወዲያ ትንፋሹ ይሰማታል። ተቀይሞ ሊዘጋው ነው፤ ይዝጋው። አይ፣ አይዝጋው። እባክህ አትዝጋው።

«ትሄድብናለች» አለ ጋሼ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «እሱን አስበሽዋል? ይሄንን የሚማር ሰው እዚህ አይቀመጥም። አንቺም ቶሎ እመጣለሁ ብለሽ ነው የሄድሽው።»

ይህንን ብሏት አያውቅም። አንድም ቀን። ወጋት፤ ግን ቦታው ድሮም ያመማት ቦታ ነበርና አልጮኸችም። «አዎ» አለችው። «ልትሄድ ትችላለች። እኔ የሄድኩት ተገፍቼ ነው ጋሼ። እሷ የምትሄድ ከሆነ ግን ልታይ ነው የምትሄደው። ልዩነቱ አይታይህም?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳኛውን ይቅርታ ትጠይቅ።»

«ትጠይቅ።»

«ጥያቄዎ ያስኬዳል ትበላቸው።»

«እሱንስ አትልም።»

ጋሼ ሊቆጣ ጀመረና መንገድ ላይ ሳቅ አመለጠው፤ አጭር፣ ያልወደደው ሳቅ። «እናትና ልጅ» አለ። «አንድ ናችሁ።» ስልኩንም ዘጋው።

አንድ ናችሁ። ለረጅም ጊዜ ስልኩን ጉንጯ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሰው ሲሰድባት የኖረበት አገር ውስጥ ሆና፣ ስትሰደብ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። የሥራ ሰዓቷ እየደረሰ ነው፤ አውቶቡሱ ያመልጣት ይሆን? ልብሷን ከሥሯ ጎትታ መልበስ ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። የልጅቷ ቁጥር ነው። በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ስልክ። አንድ እጇ እጅጌው ውስጥ ሳለ አነሣችው።

«እማ» አለች ልጅቷ። «ሰማሁሽ። አባባ ስልኩን ማጉያ ላይ አድርጎት ነበር፣ እጁ በወጥ ተነክሮ።» ጋሼን አባባ ነው የምትለው።

«ውይ በሞትኩት! ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እትዬ አለቀሰች። ግን እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪም?»

«ምን?»

«ጠዋት ነው መርጬ የጨረስኩት። አባባ ሱቅ ሳይሄድ፣ ፊቱን እየታጠበ እያለ። ፊዚክስ።»

እሷ እጅጌዋ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ጠዋት። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት ተጠራቅሞ የወጣ እምቢታ፣ ካለቀ ነገር በኋላ ነበር ማለት ነው? «ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ‹ጋሼ እንዳለ› ትዪ የለ እንዴ» አለች ልጅቷ። በክፋት አይደለም ያለችው፤ ዝናብ ይዘንባል እንደማለት ነው ያለችው። ለዚህ ነበር የበለጠ የዘለቃት። ልጄ እኔን ሳትጠብቅ መወሰን የለመደችው ከመቼ ጀምሮ ነው? መልሱን ታውቀዋለች። ‹ቶሎ›ን ጠብቃ ጠብቃ የተወች ዕለት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አዘነች፤ ግን ኀዘኑ ገና ተቀምጦ ሳይጨርስ ያ ሌላው፣ ያ ትኩሱ፣ ከሥሩ ብድግ አለበት፤ ፊቱን እየታጠበ እያለ! ማንንም ሳታስፈቅድ! እኔ ብሆን በዚያ ዕድሜዬ ፊቱን ታጥቦ እስኪጨርስ ፎጣ ይዤ እቆም ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት።

«አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ። ደግ አደረግሽ። ሁለቱም።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በይ አሁን ለኔም ንገሪኝ። እንቅልፍ ነሥቶኛል ይሄ ነገርሽ። በፊት የሚባል ከሌለ፣ ያ እፍኝ የማትሞላው ነገር የት ቁጭ ብሎ ነው የቆየው?»

ልጅቷ ልትመልስ ጀመረች፤ ቦታም አልነበረም፣ መቆየትም አልነበረም፣ ‹የት› ራሱ አብሮ ነው የተዘረጋው አለች፤ ከዚያ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በፊትም ሌላ ዓለም ነበረ ይላሉ አለች፣ እንደገና ቆመች። «እውነቱን ልንገርሽ እማ? ማንም አያውቅም።»

«እንዴት ማንም?»

«ማንም። ይገምታሉ፣ ያሰላሉ፤ ወደኋላ ወደኋላ ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ስሌቱ እምቢ ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ትልልቆቹም? ስማቸው የገነነውም?»

«እነሱም።»

«ይኸው እኔ» አለች፣ እየሳቀች፣ እንባዋም መጥቶ፣ «ሁሉም አውቆት እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ለዳኛው አላውቅም አትይም ነበር?»

«ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ድንገት ትንሽ ሆኖ። «ማወቅ ነበረብኝ።»

ልጄ ነሽ፣ አለች እናትየው በልቧ። በአፏ ግን «ሂጂና ንገሪያቸው» አለቻት። «ይቅርታውን እንደዚያ በይው። ማንም አያውቅም፣ እኔ ግን ልፈልገው ልሄድ ነው በያቸው።»

ሥራ ቦታዋ ስትደርስ ፈረቃው ተጀምሮ ማሽኖቹ ሁሉ ተነሥተዋል። በሩ ላይ ያለው የአሻራ ማንበቢያ እንደ ልማዱ እምቢ አላት፤ በረኪናው የጣቷን መስመር በልቶታል፣ አውራ ጣቷን ቢያዩት ቢያዩት ማንም አይመስልም፤ መጀመሪያ ጠቋሚ ጣቷን፣ ከዚያ ትንሿን ሞከረች። ቀይ መብራት። አለቃው ታብሌቱን ይዞ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ሁልጊዜ እንደቸኮለ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከሩቅ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ይቅርታ ትለው ነበር። ዛሬ አንገቷ እምቢ አላት።

«ዘግይተሻል» አለ። «ምክንያቱን ልሙላ። ሕመም ነው?»

«አይደለም።»

«ኀዘን ገጥሞሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«ትራንስፖርት ብዬ ልሙላው በቃ?»

«አውቶቡሱ በሰዓቱ ነው የመጣው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው» አለችው። «ዓለም እንዴት እንደተጀመረ ልታጠና ነው። ስለሱ ስናወራ ነው የዘገየሁት።»

አለቃው ቀና ብሎ አያት፤ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀለደችበት እንደሆን ፊቷን ፈለገ፣ አላገኘም። ጣቱ ታብሌቱ ላይ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። «እንዲህ የሚል እዚህ ውስጥ የለም» አለ።

«እንግዲያው ጨምርበት።»

ከወዲያ ባለመነጽሯ የአንሶላዋን ጫፍ ብቻዋን ይዛ፣ ምን ሆናችሁ ብላ አንገቷን አስግጋለች። ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። አለቃው ጆሮውን አከከ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር እየታገለው ባዶ መስመር አወጣና ጣቱን አዘጋጀ።

«የልጅሽ ስም ማነው?»

ነገረችው። በአንዴ አልያዘለትም፤ አፉ የማያውቀው ድምፅ አለበት። አልተናደደችም፤ ጊዜ አላት። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየነጠለች፣ ከነአባቷ ስም፣ መልሶ በትክክል እስኪጠራው ድረስ አስጻፈችው።